ቤት ሸጦ ፓሪስ መማር ያዋጣል ወይ?

«የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን የብድር ኦፊሰር ስሆን ደመወዜ 28 ሺህ ብር ነው። በአንድ ኤጀንት አማካይነት ፓሪስ ከሚገኝ የግል ቢዝነስ ስኩል ለአንድ ዓመት የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር) ትምህርት ቅበላ አግኝቻለሁ። ክፍያው 26 ሺህ ዩሮ ቢሆንም ፈተናም ሆነ የጽሑፍ ማመልከቻ ሳይጠይቁኝ ከቅበላው ደብዳቤ ጋር 40 በመቶ ስኮላርሺፕ ሰጥተውኛል። ባለፈው ዓመት ተመርቃ ገና ሥራ ያልያዘችው የአክስቴ ልጅም ለዚያው ትምህርት ቅበላ አግኝታለች። ቦታዬን ለማስያዝ 3,500 ዩሮ በአንድ ወር ውስጥ እንድልክ ተጠይቄአለሁ። አባቴ ከምንኖርበት ቤት ሌላ ቀበሌ 14 ያለችውን ቤት ሸጦ ሊያስተምረኝ ፈቃደኛ ነው፤ ቤቷ በወር 20 ሺህ ብር ኪራይ ታስገባለች። እናቴ እስካሁን ምንም አላለችም። አሜሪካ ያለው ወንድሜ የአውሮፕላን ትኬቱን እችላለሁ ብሏል። ዓላማዬ ተምሬ ስመለስ አባቴ የሚነግደውን የፎገራ ሩዝ በዘመናዊ መንገድ አሽጌ ለገበያ ማቅረብ ነው፤ ካልሆነም እዚያው ሥራ አግኝቼ መቆየት እችላለሁ። የአውሮፓ የቢዝነስ ዲግሪ ይህን ሁሉ ወጪ ይመልሳል ትላላችሁ?»

ውድ ጠያቂያችን፣

መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ በደብዳቤዎ ባስቀመጡት ሁኔታ ቤቱ መሸጥ የለበትም፤ 3,500 ዩሮውም መላክ የለበትም። ይህን ስል አውሮፓ ሄዶ መማር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እርስዎ የጠየቁኝ ግን ስለ አውሮፓ ትምህርት በጠቅላላው ሳይሆን፣ ከአንድ የተወሰነ ትምህርት ቤት በአንድ የተወሰነ ዋጋ ለአንድ ዓላማ ስለሚፈጸም ግዢ በመሆኑ፣ እኔም የምመልሰው ለዚሁ ነው። በየቀኑ የሰው የብድር ማመልከቻ የሚመረምሩ ባለሙያ ስለሆኑም፣ ጉዳዩን ጠረጴዛዎ ላይ እንደ ቀረበ አንድ የብድር ጥያቄ አድርገን እንድናየው እጋብዝዎታለሁ፤ የሚገዛው ምንድን ነው፣ ወጪው ስንት ነው፣ ከየት ይመለሳል፣ ማስያዣውስ የማን ነው።

የአውሮፓ ቢዝነስ ስኩል በሚለው ስም ሥር እርስ በርሳቸው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ተቋማት ተሰልፈዋል። በአንደኛው ወገን እ.ኤ.አ. በ1819 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው ኢኤስሲፒ፣ በ1881 የተቋቋመው ኤችኢሲ ፓሪስ፣ በ1957 ፎንቴንብሎ ላይ የተከፈተው ኢንሲያድ፣ እንዲሁም የለንደኑ፣ የባርሴሎናውና የሚላኑ ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ። የእነዚህ ክፍያ እጅግ ከባድ ነው፤ ኢንሲያድ ለ10 ወር የኤምቢኤ ትምህርት ከ100 ሺህ ዩሮ በላይ ያስከፍላል። ሰዎች ያን ያህል የሚከፍሉት ክፍል ውስጥ ለሚሰጠው ትምህርት ብቻ ብለው አይደለም፤ የሒሳብና የፋይናንስ ትምህርቱ በየትም አገር መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። የሚከፍሉት ታላላቅ አማካሪ ድርጅቶችና ባንኮች ግቢው ድረስ መጥተው ስለሚቀጥሩ፣ አብረዋቸው የሚማሩት ሰዎችም ቀድሞውኑ በሥራ የተፈተኑና ነገ በየአገሩ ኃላፊነት ላይ የሚቀመጡ ስለሆኑ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ቀጣሪ የማያውቃቸው፣ ውጤቱ ደከም ላለም ሆነ ልምድ ለሌለው በራቸው የማይዘጋ፣ ተማሪዎቻቸውን በአብዛኛው በኤጀንት በኩል ከአፍሪካና ከእስያ የሚሰበስቡ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ። ሁለቱም የሚሰጡትን ኤምቢኤ ይሉታል፤ አድራሻቸውም ፓሪስ ሊሆን ይችላል።

የእርስዎ ትምህርት ቤት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ስሙን ሳይነግሩኝ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ደብዳቤዎ ውስጥ ግን ያሳሰበኝ አንድ ነገር አለ። የአክስትዎ ልጅ ባለፈው ዓመት ተመርቃ ሥራ ሳትይዝ ለዚያው ትምህርት ቅበላ ማግኘቷን ጽፈዋል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ለንደን የሆነው አምባ የተባለው የኤምቢኤ ዕውቅና ሰጪ ማኅበር፣ ወደ ኤምቢኤ የሚገባ ተማሪ ከመጀመሪያ ዲግሪው በኋላ ቢያንስ የ3 ዓመት የሥራ ልምድ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ በታወቁት ትምህርት ቤቶች ደግሞ የተማሪዎቹ አማካይ ልምድ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። የኤምቢኤ ክፍል ዋጋው በተማሪዎቹ ልምድ የሚለካ በመሆኑ፣ የሰባት ዓመት ባለሙያና ትናንት የተመረቀች ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው አንድ ዓይነት ትምህርት የሚማሩ ከሆነ፣ የሚሰጠው ነገር በስም ካልሆነ በቀር ኤምቢኤ መሆኑ ያጠራጥራል። ከአምባ ሌላ ሁለት የሚታወቁ የዕውቅና ዓይነቶች አሉ፤ አንደኛው ኤኤሲኤስቢ የሚባለው የአሜሪካው፣ ሁለተኛው ኢኩዊስ የሚባለውና መቀመጫው ብራስልስ በሆነው ኢኤፍኤምዲ የሚሰጠው ነው። ሦስቱን አሟልተው የያዙት በዓለም ላይ ካሉት ቢዝነስ ስኩሎች ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱንም ያልያዘ ትምህርት ቤት ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ሲጠይቅ ምክንያቱን ማስረዳት ይኖርበታል። ዕውቅናውን ትምህርት ቤቱ ራሱ ባዘጋጀው ማስታወቂያ ላይ ሳይሆን በዕውቅና ሰጪዎቹ ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውና ኤጀንቶች ፈጽሞ የማያነሡት ጉዳይ የፈረንሳይ ዲፕሎማዎች ደረጃ ነው። በፈረንሳይ ኤምቢኤ የሚለው ስም በራሱ መንግሥት የሚሰጠው የዲግሪ ማዕረግ አይደለም። መንግሥት ለአንድ ትምህርት ቤት ዲፕሎማ የሚሰጠው ከፍተኛ ዕውቅና የማስተር ማዕረግ፣ በፈረንሳይኛው ግራድ ደ ማስተር፣ የሚባለው ሲሆን፣ ይህ ያለው ዲፕሎማ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማስተር ጋር በእኩል ይታያል። ከዚህ የተለየ፣ አርኤንሲፒ በተባለው ብሔራዊ የሙያ ማረጋገጫ መዝገብ ላይ የሚሰፍር የሙያ ማረጋገጫ አለ። በርካታ የግል ትምህርት ቤቶች «በመንግሥት የታወቀ፣ ደረጃ 7» እያሉ የሚያስተዋውቁት ይህንን ነው፤ የተናገሩት ሐሰት ባይሆንም፣ ደረጃ 7 የሙያ ማረጋገጫ የማስተር ዲግሪ ማለት አይደለም። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይምሰልዎት። ፈረንሳይ የተማረ የውጭ አገር ሰው ከምረቃ በኋላ ሥራ ለመፈለግ ወይም ድርጅት ለማቋቋም የሚሰጠውን የ12 ወር የመኖሪያ ፈቃድ የሚያገኘው፣ የማስተር ማዕረግ ያለው ዲፕሎማ ወይም በሕጉ ተለይተው ከተጠቀሱት ጥቂት ዲፕሎማዎች አንዱን ሲይዝ ነው። አርኤንሲፒ ብቻ ያለው ሰው ለዚህ ፈቃድ አይበቃም። አገር ቤት ሲመለሱም የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ሊሠራለት ይገባል፤ በአገሩ ሕግ ማስተር ያልሆነ ማስረጃ እዚህ እንደ ሁለተኛ ዲግሪ ይቆጠርልኛል ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ «ካልሆነም እዚያው ሥራ አግኝቼ እቆያለሁ» ያሉት ሁለተኛው ዕቅድዎ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ በአንድ ጥያቄ መልስ ላይ ነው።

ስኮላርሺፑን በተመለከተ ብዙ አልልም። ተወዳድረው ያላሸነፉት፣ የፈተና ውጤትም ሆነ የጽሑፍ ማመልከቻ ያልተጠየቁበት፣ ከቅበላው ደብዳቤ ጋር አብሮ የመጣ 40 በመቶ የዋጋ ቅናሽ ነው። የትምህርቱ እውነተኛ ዋጋ 15,600 ዩሮ መሆኑን ከመንገር በቀር ስለ እርስዎ ችሎታ የሚናገረው ነገር የለም። ኤጀንቱም በአብዛኛው ኮሚሽኑን የሚቀበለው ከትምህርት ቤቱ ስለሆነ፣ እርስዎ ቢቀሩ የሚጎድልበት ሰው የሚሰጠውን ምክር በዚያው ልክ መዝነው ይስሙት።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የትምህርት ክፍያው ከቅናሹ በኋላ 15,600 ዩሮ ነው። ለቪዛ የፈረንሳይ ቆንስላ የሚጠይቀው የመተዳደሪያ ማረጋገጫ በወር 615 ዩሮ ቢሆንም፣ ፓሪስ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ብቻ ይህን ያህል ወይም ከዚህ በላይ ትወስዳለች፤ ስለዚህ ቆጥቦ ለሚኖር ሰው በወር 1,100 ዩሮ ብንይዝ የዓመቱ 13,200 ዩሮ ይሆናል። ለቪዛ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለቤት ቅድሚያ ክፍያና ለመሳሰለው 2,000 ዩሮ እንጨምር። ድምሩ 30,800 ዩሮ ነው። ለስሌት እንዲመች አንዱን ዩሮ በ170 ብር ብንወስደው 5 ሚሊዮን 236 ሺህ ብር ይመጣል። ይህ እንግዲህ ትምህርት ላይ ሳሉ የሚያጡትን የአንድ ዓመት ደመወዝ፣ ያልተጣራ 336 ሺህ ብር፣ ሳይጨምር ነው። የምንዛሪው ዋጋም በቦታው እንደማይቆይ ያውቃሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን እርስዎ በመስኮቱ ውስጠኛ በኩል ሆነው አይተውታል። ቤቱ የሚሸጠው በብር፣ ክፍያው የሚፈጸመው በዩሮ፣ ያውም በሁለትና በሦስት ዙር መሆኑን ሲያስቡ፣ ዛሬ የበቃው ገንዘብ በመንፈቁ ላይበቃ እንደሚችል መገመት ይኖርብዎታል።

ተመልሰው ባሕር ዳር ላይ ሲቀጠሩ ደመወዝዎ በእጥፍ አደገ እንበል፤ ይህ ለጋስ ግምት ነው። ተጨማሪው 28 ሺህ ብር ሙሉ በሙሉ 35 በመቶ በሚታሰብበት የግብር እርከን ውስጥ ስለሚወድቅ በእጅዎ የሚገባው በወር 18,200፣ በዓመት 218,400 ብር ነው። አምስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ሺሁን በዚህ ቢያካፍሉት 24 ዓመት ገደማ ይወጣዋል፤ የጡረታ መዋጮው ሳይነሳ፣ ወለድም ሳይታሰብ። ከዚህ የከፋውን ደግሞ ልጨምርልዎት። የምትሸጠው ቤት በዓመት 240 ሺህ ብር ኪራይ ታስገባ ነበር፤ የኪራይ ገቢ ግብሩን ቀንሰን እንኳ ብናየው፣ በዲግሪው የተገኘው የደመወዝ ጭማሪ በቤቷ መሸጥ የጠፋውን ኪራይ ከመተካት ብዙም አያልፍም። ማለትም ቤተሰቡ በየዓመቱ የሚያገኘው ገንዘብ እንደ በፊቱ ሆኖ ይቀጥላል፤ ቤቷ ግን የለችም። ይህን ማመልከቻ ሌላ ደንበኛ ይዞልዎት ቢመጣ የመክፈል አቅም በሚለው ክፍል ሥር ምን ብለው እንደሚጽፉ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

«እየሠራሁ እማራለሁ» የሚለውንም ኤጀንቱ ሳይነግርዎት እንዳልቀረ እገምታለሁ። ፈረንሳይ ውስጥ የውጭ አገር ተማሪ በዓመት 964 ሰዓት እንዲሠራ ይፈቀድለታል። በዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ፣ ተቆራጩ ተነሥቶለት ከ9 እስከ 10 ዩሮ ባለው፣ የተፈቀደውን ሰዓት አንድም ሳያጓድሉ ቢሠሩ የሚያገኙት ከ9 ሺህ ዩሮ ብዙም አይርቅም። ይህ የፓሪስን የመኖሪያ ወጪ ሦስት አራተኛ እንኳ አይሸፍንም፤ የትምህርት ክፍያውንማ ጨርሶ አይነካም። ፈረንሳይኛ ሳይችሉ ያን ያህል ሰዓት የሚያሠራ ቀጣሪ ማግኘትም ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ ከምረቃ በኋላ ለሚፈልጉት ቋሚ ሥራ ደግሞ የቋንቋው ነገር ይበልጥ ይከብዳል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱ የሥራ ገበያው በእንግሊዝኛ ይናገራል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ታዲያ በቢዝነስ ስኩሎች የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ የተመራቂዎቹ ደመወዝ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ነው ይል የለም ወይ?» ሊል ይችላል። ይላል፤ ግን ሰንጠረዡን ማንበብ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የፋይናንሻል ታይምስ ጋዜጣ የኤምቢኤ ደረጃ የሚያወጣው የደመወዝ አኃዝ ከተመረቁ ሦስት ዓመት ያለፋቸው ሰዎች አማካይ ሲሆን፣ በየአገሩ ባለው የመግዛት አቅም ተስተካክሎ የተሰላ ነው። ይህም ማለት ኑሮ በረከሰበት አገር የሚሠራ ተመራቂ ደመወዝ ሰንጠረዡ ላይ ሲወጣ በእጁ ከሚገባው ዶላር በልጦ ይታያል። አማካይ የሚባለውም ነገር ጥቂት ባለከፍተኛ ደመወዞች ሊያንሩት የሚችል ቁጥር መሆኑን ለሒሳብ ባለሙያ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ትምህርት ቤትዎን ሲጠይቁ ከተመራቂዎቹ ስንቶቹ መረጃ እንደ ሰጡ፣ መካከለኛው ደመወዝ ስንት እንደሆነ፣ በተለይም ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጡትና አሠሪ ሳይልካቸው ራሳቸው ከፍለው የተማሩት በስድስት ወር ውስጥ ስንቶቹ ሥራ እንዳገኙ ይጠይቁ። ይህን ቁጥር ለይቶ የማይሰጥ ትምህርት ቤት፣ ቁጥሩ የሚያኮራ ቢሆን ኖሮ በማስታወቂያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ባወጣው ነበር።

ዓላማዎን ደግሞ ለብቻው እንመልከተው፤ ደብዳቤዎ ውስጥ የተሻለው ክፍል እርሱ ነውና። የፎገራን ሩዝ አሽጎ ለገበያ ማቅረብ መልካም ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ የፎገራ ሩዝ አዲስ አበባ መደብር ውስጥ ከውጭ በሚመጣው የሚበለጠው ነጋዴዎቹ ኤምቢኤ ስለሌላቸው አይደለም። ወፍጮዎቹ በብዛት አሮጌ ዓይነት በመሆናቸው ሩዙ ሲፈለፈል ይሰባበራል፣ ጠጠር ይቀላቀልበታል፣ የተለያየ ዝርያ በአንድ ጆንያ ይገባል፤ ሸማችም ሰባራና ሙሉ የተቀላቀለበትን ሩዝ በታሸገ ሩዝ ዋጋ አይገዛም። ይህን የሚፈታው ሳይሰባብር የሚፈለፍል ማሽን፣ ጠጠርና ሰባራ መለያ፣ ዝርያ ጠብቆ ከሚያመርት ገበሬ ጋር የሚደረግ ውል፣ እንዲሁም መኸሩ ሲገባ ሩዙን ገዝቶ በመጋዘን ለማቆየት የሚበቃ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ነው። ስለ ዝርያውና ስለ አፈላፈሉ የሚያማክሩ ባለሙያዎች ከባሕር ዳር ብዙም ሳይርቁ ወረታ በሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አሉ። እርስዎ ለዚህ ሥራ የሚጎድልዎት የገንዘብ ዕውቀት አይደለም፤ የሌሎችን የንግድ ዕቅድ ለዓመታት ሲመረምሩ ኖረዋል። የሚጎድልዎት ምናልባት የግብይትና የአቅርቦት ሰንሰለት ዕውቀት፣ ከዚያም በላይ ካፒታል ነው፤ ያንኑ ካፒታል ደግሞ ፓሪስ ላይ ሊያፈስሱት እያሰቡ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኸው ነው።

ደግሞም ሐቁን እንነጋገር። «ተመልሼ» የሚለውና «ካልሆነም እዚያው» የሚለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መሆናቸው፣ ከሩዙ ይልቅ መሄዱ ራሱ ልብዎን እንደሳበው ያሳየኛል። ባለፉት ዓመታት በክልላችን የደረሰውን ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ነገር ግን ዓላማው መሄድ ከሆነ በስሙ ይጠራና በራሱ ሚዛን ይመዘን። በ30 ሺህ ዩሮ የሚገዛ፣ ከዓመት በኋላ ላይታደስ የሚችል የተማሪ ቪዛ፣ ከመሄጃ መንገዶች ሁሉ ውዱ ሳይሆን አይቀርም።

የአባትዎን ቤት የማይነኩ ርካሽ መንገዶች ስላሉ ወደ እነርሱ ልምራዎት። በእኔ እይታ ለእርስዎ ከሁሉ የሚስማማው የአውሮፓ ኅብረት የሚደግፈው ኢራስመስ ሙንዱስ የተባለው ስኮላርሺፕ ነው፤ ያሸነፈ ተማሪ የትምህርት ክፍያ የማይጠየቅ ሲሆን በወር 1,400 ዩሮ ይታሰብለታል፣ ትምህርቱም ቢያንስ በሁለት አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጥ እውነተኛ ማስተር ነው። በቤልጅጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሰጠውን የገጠር ልማት ማስተር የመሰሉ፣ ከእርሻ ምርትና ከገበያ ጋር የተያያዙ ፕሮግራሞች ስላሉበት ከሩዙ ዕቅድ ጋር ከፓሪሱ ኤምቢኤ ይልቅ ይቀራረባል። ማመልከቻው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይከፈታል። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ እርስዎ ከበቂ በላይ አለዎት፤ የአንድ ዓመት ማስተር ሙሉ ወጪ ከሸፈነ በኋላ ግን ቢያንስ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ያስገድዳል። ተመልሼ እሠራለሁ ላለ ሰው ይህ ግዴታ አይከብደውም። ፉክክሩ ብርቱ ስለሆነ በመጀመሪያው ዓመት ላይሳካ ይችላል፤ ሥራዎን ሳይለቁ ደግመው መሞከር ግን የሚያስወጣዎት ጊዜና የቋንቋ ፈተና ክፍያ ብቻ ነው።

ከስኮላርሺፕ ውጭ በራስ ገንዘብ መማር ካለብዎት ጀርመንን ያስቡ። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአፍሪካ የሚመጣ ተማሪንም ጨምሮ ለመደበኛ ማስተር የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ክፍለ ግዛት በመንፈቅ 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ ኤምቢኤና መሰል ለሠራተኞች የተዘጋጁ ፕሮግራሞችም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጭምር በክፍያ ናቸው፤ ስለዚህ የሚፈልጉት በቢዝነስ አስተዳደር ወይም በአቅርቦት ሰንሰለት የሚሰጥ መደበኛ ማስተር መሆኑን ያረጋግጡ። ለቪዛው 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠየቃል። ይህ ገንዘብ ለማንም የሚከፈል ሳይሆን እዚያ ሲደርሱ በየወሩ 992 ዩሮ እየተለቀቀ እርስዎው የሚኖሩበት ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማስተር በመሆኑም ከምረቃ በኋላ እስከ 18 ወር ሥራ ለመፈለግ መቆየት ይቻላል። ወንድምዎ ከትኬቱ አልፈው ለዚህ ሒሳብ የተወሰነውን ቢያግዙ፣ ቀሪው በእርስዎ ቁጠባ የሚደረስበት ይሆናል።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥራዎን ሳይለቁ ሁለተኛ ዲግሪ መማርም አለ፤ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠይቃል። በባንኩ ውስጥ ለደረጃ ዕድገት ብቻ ዲግሪ የሚያስፈልግዎት ከሆነ ከዚህ ርቆ መሄድ አያስፈልግም።

አንድ የቤተሰብ ጉዳይ ቀርቶኛል። እናትዎ ምንም እንዳላሉ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። ቤቷ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ከሆነች ያለ እርሳቸው ፈቃድ ልትሸጥ እንደማትችል የቤተሰብ ሕጉ ይደነግጋል፤ ሕጉ ባይኖርም እንኳ በእርጅና ዘመን በየወሩ የሚገባ 20 ሺህ ብር ለማን ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ የእርስዎ ፋንታ ነው። አባትዎ ለልጃቸው እንቢ ማለት ከብዷቸው፣ እናትዎም የልጃቸውን ዕድል የዘጉ መስለው እንዳይታዩ ፈርተው ዝም ብለው ሊሆን ይችላል። አባትዎ በሌሉበት፣ እናትዎን ለብቻቸው ይጠይቋቸው፤ ከመጠየቅዎ በፊትም ከላይ ያለውን የ24 ዓመት ስሌት ያሳዩአቸው።

ለትምህርት ቤቱ በዚህ ሳምንት ደብዳቤ ይጻፉ፤ በኤጀንቱ በኩል ሳይሆን በቀጥታ። የምትሰጡት ዲፕሎማ የማስተር ማዕረግ አለው ወይስ የአርኤንሲፒ ማረጋገጫ ነው የሚለውን፣ የዲፕሎማውን ሙሉ ስም ጭምር፣ በጽሑፍ እንዲመልሱ ይጠይቁ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጡ ተመራቂዎችን የሥራ ውጤት፣ ቪዛ ቢከለከሉ 3,500 ዩሮው ሙሉ በሙሉ ይመለስ እንደሆነና በስንት ቀን፣ እንዲሁም ቅበላውን ለሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ ይጨምሩበት። ደህና ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ ሳያቅማማ ይመልሳል። የማስተር ማዕረግ እንዳለው በሰነድ አረጋግጠው ቅበላውን ለአንድ ዓመት ካስተላለፉልዎት፣ ያን ዓመት ለስኮላርሺፕ ውድድሩና ለፈረንሳይኛ ትምህርት ይጠቀሙበትና ስሌቱን እንደገና እንሠራዋለን፤ በዚያን ጊዜ እንኳ የምንደምረው ከእርስዎ ቁጠባና ከወንድምዎ ድጋፍ ነው እንጂ ከቀበሌ 14ቷ ቤት አይደለም። መልሳቸው «ቦታው እንዳያመልጥዎት መጀመሪያ ይክፈሉ» የሚል ከሆነ ግን ደብዳቤ መጻጻፉን እዚያው ያቁሙት።